በክረምት ወደ አምባ፦ የመቅደላ መንገድና የሁለት ስዊሶች ድርሻ

ጄኔቭ ወይም ዙሪክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ክረምት ገባ» ሲል በረዶ ማለቱ ነው። ወሩም ታኅሣሥና ጥር ነው። አገር ቤት ያለችው እናቱ ግን በሐምሌ ደውላ «ክረምቱ ጠንክሯል፣ አንተስ ጋ እንዴት ነው?» ስትለው እሱ በሐይቁ ዳር ቁምጣ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ቃሉ ግን የእናቱ ነው። ክረምት ማለት ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሰማዩ የሚከብድበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ነው። «ከረመ» የሚለው ግሥም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ዝናብ ያገኘው መንገደኛ ካለበት አይነቃነቅም፣ እዚያው ይከርማል። ብዙ ዘመን ተለያይቶ የተገናኘ ሰው ዛሬም በስደት አገር «እንደምን ከረማችሁ?» ሲባባል ሳያስበው ስለዚያ የተዘጋ መንገድ ይጠይቃል።

በስዊዘርላንድ ግን ዝናብ ጉዞ አያስቀርም። እሑድ ጠዋት በዙሪክ ባቡር ጣቢያ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ሽማግሌው፣ ልጁ፣ አያትዋ ሳትቀር ወፍራም ጫማ አጥልቀው፣ የዝናብ ልብስ ደርበው በቡድን ይወጣሉ። በቢጫ ምልክት የተለጠፈ የእግር መንገድ በአገሩ ሁሉ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። አንዱ ቡድን ወደ ኪቡርግ፣ ሌላው ወደ ሀብስቡርግ፣ ርቆ የሚሄደውም በቤሊንዞና ወዳሉት ሦስት ግንቦች ይጓዛል። እነዚህ ሁሉ በመካከለኛው ዘመን መሳፍንት ኮረብታ ላይ የሠሯቸው ምሽጎች ናቸው። ኢትዮጵያዊው የሥራ ባልደረባ «አንተስ አትመጣም?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይስቃል። ተራራ ላይ ተወልዶ፣ ውኃና እንጨት ተሸክሞ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ላደገ ሰው ተራራ መውጣት መዝናኛ ነው ቢሉት አይገባውም።

የሆነ ሆኖ ወደ ተራራ ምሽግ በቡድን መጓዝ፣ ያውም በክረምት፣ በኢትዮጵያም ታሪክ አለው። ለመዝናናት የተደረገ ግን አይደለም። ከእነዚያ ጉዞዎች ዋናው ደግሞ ከዙሪክና ከባዝል ጎን ካሉ መንደሮች ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይህን በዚህ አገር የሚያድጉት ልጆች ብዙዎቹ አልሰሙትም።

አምባ የሚባለው ጫፉ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ተፈጥሮ ግንቡን ሠርታ ስለጨረሰች ለሰው የቀረው በር መትከል ብቻ ነው። ላይኛው ሜዳ ውኃና ጥቂት እርሻ ካለው፣ ጠባቂውም ታማኝ ከሆነ፣ አምባውን በጉልበት መያዝ ከባድ ነው። ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ በገመድ ይወጣል፤ ግሼን ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ የሚዘጉበት ነበር፤ በጎንደር ዘመን ደግሞ ይህ ሥራ በበለሳ በኩል ወዳለው ወህኒ አምባ ተዛወረ። «ወህኒ ቤት» የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. የጻፈው የራሰላስ ልቦለድ መነሻውም ይኸው የተዘጉ መሳፍንት ወሬ ነው። እሱ አገሩን ሳያይ ደስታ የሞላበት ሸለቆ አድርጎ ሳለው። የተዘጉት መሳፍንት ቢያነቡት ምን ይሉ ነበር?

መቅደላ በወሎ፣ በበሽሎ ወንዝ ማዶ የቆመ፣ ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ የሚደርስ አምባ ነው። ከጎኑ ሥላሴና ፋላ የሚባሉ ሁለት ተራሮች አሉ፤ ከታች ሲመጣ መጀመሪያ የሚያጋጥሙት እነሱ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ዓመት፣ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ ወሎ ዘምተው አምባውን ያዙ፤ ከዚያም ግምጃ ቤት፣ መሣሪያ ቤት፣ እስር ቤት አደረጉት። መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነበር። ንጉሡ ከጎንደርና ከሌላውም ስፍራ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ያረፉት እዚያ ነው፤ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ አስበው ነበር ይባላል።

በክረምት ወደ መቅደላ የሚሄድ የለም፤ ከመቅደላም የሚወጣ የለም። በሽሎና ጅዳ ሲሞሉ አምባው ደሴት ነው። በሽሎን የሚሻገር ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ዳገት መውጣት አለበት። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ ዘመቻቸውን ከመስከረም በኋላ የሚጀምሩት፣ ሰኔ ሲገባም ሰፈር ሠርተው የሚከርሙት ስለዚህ ነው። ጭቃ ከጠላት ይብሳል። በቅሎ ይሰምጣል፣ ባሩድ ይርሳል፣ ወታደር ይታመማል።

ይህን ልማድ መጠቀም ያወቀ አንድ እስረኛ ነበር። የሸዋው ልጅ ምኒልክ ሸዋ ሲወድቅ ተማርኮ አሥር ዓመት ያህል ከቴዎድሮስ ዘንድ አደገ፤ ንጉሡም እንደ ልጅ አሳደጉት፣ ልጃቸውንም ዳሩለት። በሰኔ ማብቂያ 1857 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሌሊት ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወርቂት ገሰገሰ። የወርቂት ልጅ አመዴ በመቅደላ ታስሮ ስለ ነበር ምኒልክን ሰጥታ ልጇን ለማስመለስ ማሰቧ አልቀረም። ቴዎድሮስ ግን ነገሩን እንደ ሰሙ በንዴት አመዴንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። በኋላ ዐድዋ ላይ የቆመው ንጉሠ ነገሥት ከዚያ የክረምት ሌሊት የተረፈ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የሌላ እናት ልጅ ነበር። ምኒልክን የሚያወድሱም ቴዎድሮስን የሚያወድሱም ይህን ገጽ ቶሎ ይገለብጡታል።

ልክ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1858 ዓ.ም.፣ ሌላ ቡድን በዝናብ ወደ መቅደላ ተጓዘ። ይህኛው ወደ ላይ የሚወጣ ነበር። የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሎንዶን ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ ጣለችው። መልስ የቀረባቸው ንጉሥ በጥር 1864 እ.ኤ.አ. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። (በዚያው ዓመት በነሐሴ ጄኔቭ ላይ 12 መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ቁስለኛ ወታደር የመጀመሪያውን ውል ፈረሙ። ኢትዮጵያ ወደዚያ ውል የገባችው በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ጦሩን ሲያከማች ነው።) እንግሊዞች እስረኞቹን ለማስለቀቅ የሞሱል ተወላጅ የሆነውን አሦራዊውን ሆርሙዝድ ራሳምን ከዶክተር ብላንና ከመቶ አለቃ ፕሪዶ ጋር ላኩ። እነሱ ጥር 1866 እ.ኤ.አ. ደርሰው በክብር ተቀበሏቸው፤ በሚያዝያ ግን እነሱም ተያዙ። ሰኔ ላይ በንጉሡ ሰፈር ኮሌራ ገባ። ሰፈሩ ከጣና ዳር ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር ተነሣ፤ በሐምሌም ራሳምና ጓደኞቹ፣ ካሜሮንና የታሰሩት ሚሲዮናውያን በጠባቂ ታጅበው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነዱ።

ጋይንትን፣ ዳውንትን፣ ደላንታን አቋርጦ በጅዳና በበሽሎ ገደል የሚያልፈውን ያንን መንገድ በዝናብ የሄደ ሰው ምን እንዳየ መገመት አያስቸግርም። ጠባቂዎቹም እንደ እስረኞቹ ይበሰብሳሉ። ሐምሌ አጋማሽ ሳይሆን አምባው ላይ ደረሱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በእግራቸው ሰንሰለት ገባ። እዚያም 21 ወር ያህል ቆዩ። የተሻለ ይዞታም ነበራቸው፤ አገልጋይ፣ ጎጆ፣ ራሳምማ አትክልት ይተክል ነበር። ገንዘብና ደብዳቤ ከምጽዋ የሚያመላልሱላቸው፣ ደብዳቤውን በልብሳቸው ደብቀው ወንዝ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ነበሩ። ቢያዙ ቅጣቱ ሞት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከእስር ከወጡት አንዳንዶቹ መጽሐፍ ጻፉ፤ ራሳምም ብላንም ጻፉ። ከመልእክተኞቹ መጽሐፍ የጻፈ የለም።

እዚህ ላይ ስዊሶቹ ይገባሉ።

ነገሩ የጀመረው ከቴዎድሮስ በፊት ነው። በበርን ካንቶን ክሬሚን በምትባል መንደር በ1799 እ.ኤ.አ. የተወለደው ሳሙኤል ጎባ በ1830ዎቹ ኢትዮጵያ ገብቶ ሰብኮ ነበር፤ ከ1846 ጀምሮ ደግሞ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሆነ። እሱ ያመነበት ዘዴ ሰባኪ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሙያ ያለው ሰው መላክ ነው። ባዝል አጠገብ ኮረብታ ላይ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት አናጢውን፣ አንጥረኛውን፣ ግንበኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮ ይልክ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከአርጋው ካንቶን ከሜሊን የመጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው፤ የተወለደው በ1832 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢትዮጵያ የገባው 1850ዎቹ ሲያልቁ ነበር። የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። ቤል የቴዎድሮስ ወዳጅና ባለሟል የነበረ፣ በ1860 ለንጉሡ ሲዋጋ የሞተ እንግሊዛዊ ነው፤ የሱዛን እናት ደግሞ ኢትዮጵያዊት፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ ይባላሉ።

ቴዎድሮስ ሰባኪ አልፈለጉም፤ የሚፈልጉት ባለሙያ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈር ሰጧቸው፤ መጀመሪያ መንገድና ሠረገላ፣ ቆይቶ መድፍ አዘዟቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት ሰዎች ምድጃ ሠርተው ነሐስ ማቅለጥ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ከሸፈባቸው፤ በመጨረሻ ሆነላቸው። ሥራውን በፈቃዳቸው ሠሩ ማለት ከባድ ነው፣ ተገደው ብቻ ነው ማለትም እውነት አይደለም። ሽልማትና ክብር አግኝተዋል፣ ንጉሡን የሚወዱም ነበሩ። ከጎናቸው ሆነው ወናፍ የነፉ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ሙያውን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ስለ ጋፋት ሲወራ የአገሩ ሰው እንደ ተመልካች ይቀርባል፤ ጎንደርና ቤጌምድር ግን ከዚያ በፊትም ብረት የሚያቀልጡ ባለ እጆች ነበሯቸው፤ «ቀጥቃጭ» እየተባሉ የተናቁ እንጂ። ንጉሡ ያንን ንቀት ለመስበር መሞከራቸው ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ሳይሆን አይቀርም።

የጋፋት ትልቁ ፍሬ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል፣ ማለት 7 ቶን ገደማ ይሆናል። ስሙ ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ከተዋጋችበት ከተማ ተወሰደ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም.፣ ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ይህን መድፍና ሌሎቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። በዚያን ጊዜ ከአገሩ አብዛኛው ከእጃቸው ወጥቷል። ትግራይ በካሣ ምርጫ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ በምኒልክ እጅ ነው። ጎንደርን ዓመት ቀደም ብለው ራሳቸው አቃጥለዋል። የቀራቸው ሠራዊታቸውና የሚጎትቱት ብረት ነው።

መንገድ አልነበረም። መንገድ እየሠሩ ሄዱ። ድንጋይ ተፈንቅሎ፣ ዛፍ ተቆርጦ፣ ገደል ተቦርቡሮ ሠረገላ የሚያሳልፍ ጎዳና ከደብረ ታቦር እስከ በሽሎ ወጣ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ፣ ሲቆፍሩ የሚያሳየው ምስክርነት ከወዳጅም ከጠላትም የመጣ ስለሆነ እውነት ነው። ሴባስቶፖልን ብቻ 500 ያህል ሰው በጠፍር ይጎትተው ነበር፤ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ እንዳይንደረደር ከኋላ ይይዙታል። ዋልድማየርና ጓደኞቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አብረው ተጓዙ፣ ሠረገላውን እየጠገኑ። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በሳምንት የሚጨርሰው መንገድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ወሰደ። ኋላ ከናፒየር ጋር የመጡት እንግሊዝ መሐንዲሶች ጅዳና በሽሎ ላይ የተቀየሰውን ጎዳና አይተው አደነቁ። ራሳቸውም ወርደው የወጡት በእሱ ነው። ጠላት በሠራው መንገድ ጠላትን መድረስ በጦርነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ሌላው ስዊስ ከሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። ቨርነር ሙንዚንገር የተወለደው እንደ ዋልድማየር በ1832 እ.ኤ.አ. ነው። ከተማው ኦልተን ከሜሊን ተራራ ተሻግሮ ጎረቤት ናት። ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ የሚሄደው ባቡር የሚያልፍባት ያች የባቡር መገናኛ ከተማ ማለት ናት። አባቱ ዮሴፍ ሙንዚንገር ከስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹ ሰባት የፌዴራል ምክር ቤት አባላት አንዱና በ1851 የአገሩ ፕሬዚዳንት ነበር። ልጁ ግን ቋንቋ ተማረ፣ ግብፅ ወረደ፣ ከረን ላይ ቤት ሠርቶ የአገር ሴት አግብቶ ኖረ፤ ምጽዋ ላይ የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲልም ሆነ። እንግሊዞች ሲመጡ አገሩንና ሰዉን የሚያውቅላቸው ሰው ሲፈልጉ እሱን አገኙ። ከባሕር ወደ ደጋ የሚያወጣውን በር በመምረጥ፣ ከካሣ ምርጫ ጋር በመነጋገር አገለገላቸው። ካሣ መንገዱን ከፈቱ፣ ስንቁንም እንዲሸጥ ፈቀዱ፤ በመጨረሻ መሣሪያ ተሰጣቸው፣ አራት ዓመት ሳይሞላም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ሙንዚንገር በኋላ ለግብፅ አድሮ ምጽዋን ገዛ፤ በኅዳር 1875 እ.ኤ.አ. ወታደር እየመራ አውሳ ሲገባ አፋሮች ገደሉት።

እንግዲህ አንዱ የሜሊን ልጅ ለቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጣል፤ አንዱ የኦልተን ልጅ ለቴዎድሮስ ጠላት መንገድ ያሳያል። ስዊዘርላንድ በዚያ ጦርነት ገለልተኛ ነበረች።

ጄኔራል ናፒየር የቸኮለው ዝናብን ፈርቶ ነው። ከሕንድ 13,000 ያህል ወታደር፣ 44 ዝሆን፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር በቅሎና ግመል ይዞ ዙላ ላይ ወረደ፤ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ አገሬው ሌላ ገንዘብ ስለማይቀበል የማርያ ቴሬዛ ብር በቪየና አስመታ። የጦርነቱ ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ይህ ሁሉ ግን ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደርሶ ካልተመለሰ ወጥመድ ይሆንበታል። 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ ሥር አሮጌ ሜዳ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ወረደ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ከፋላ ይዘው ወረዱ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው። ፊታውራሪው ሞቱ፣ ከወገን 700 ያህል ወደቀ፣ ከዚያ የሚበልጥ ቆሰለ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ የሞተው ሁለት። ያ ሁሉ ወር የተጎተተው ብረት አልጠቀመም፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የወንዝ፣ የጭቃና የገደል ድካም ሁሉ በሦስት ሰዓት ውጊያ አለቀ።

ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፣ ለፋሲካም ከብት ላኩ፤ ናፒየር ግን እጅ ስጡ አለ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ እንግሊዞች ቆቂት በር ላይ ሲደርሱ ቴዎድሮስ ራሳቸውን አጥፍተው አገኟቸው። ሽጉጡ ቪክቶሪያ የላከችላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ሆኖም ቁጥሩ ይነገር። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ ተዘርፎ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም በወታደሮቹ መካከል በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከሠራዊቱ ጋር መጥቶ ለመግዛት ተዘጋጅቶ ነበር። ወደ 350 የሚሆን ብራና ሎንዶን ገባ። አምባው በእሳት ጋየ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከሠራዊቱ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ታመው በግንቦት ዐረፉ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንድሰር ተቀበረ። በ2019 እ.ኤ.አ. የሎንዶን የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ጠጉር መለሰ፤ በ2021 በግል እጅ የነበሩ ጥቂት ቅርሶች ተመለሱ፤ በ2023 ግን የልዑሉን አፅም ለመመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል፤ በሕግ መሸጥም መስጠትም አይፈቀድልኝም እያለ። ታቦታቱን ራሱ የሙዚየሙ ባለሙያ አያያቸውም፣ ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። በ2002 ኤድንበርግ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ታቦት ያለ አንዳች ሕግ መለሰ። ከፈለጉ ይቻላል ማለት ነው።

ስለ መቅደላ ሲወራ ግን የሚረሳ አንድ ወገን አለ፤ ኢትዮጵያውያኑ እስረኞች። ዓለም ያለቀሰው በጣት ለሚቆጠሩ አውሮፓውያን ነው። በዚያው አምባ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የአገር ሰዎች በሰንሰለት ነበሩ፤ መሳፍንት፣ ካህናት፣ በጥርጣሬ የተያዙ ባላገሮች። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ እዚያው ታስረው በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ሞቱ። ከአሮጌ ውጊያ በፊት በነበረው ቀን ንጉሡ በንዴት እስረኞችን በጎራዴ አስፈጅተው ወደ ገደል አስወረወሩ። ቴዎድሮስ አንድነትን ያለሙ፣ ለክብራቸው የሞቱ ንጉሥ ናቸው፤ ይህንንም ያደረጉ እሳቸው ናቸው። በአገሩ መሪ ወደ ወህኒ የተላከ ወይም ከወህኒ አምልጦ እዚህ የደረሰ ሰው ከሁለቱ አንዱን መርሳት ይከብደዋል። እነ አለቃ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የዘመኑን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ባይተዉ ኖሮ የአገሩ ሰው ድምፅ ጨርሶ ባልተሰማ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ሠራዊቱ ወደ ባሕር ሲመለስ ከኋላው ሌላ ሕዝብ ተከተለ። የጋፋት ባለሙያዎች ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ ከነአገልጋዮቻቸው ወጡ። ብዙዎቹ ሴቶች ኢትዮጵያውያት ወይም የኢትዮጵያውያት ልጆች ናቸው። ዝናቡ ከኋላቸው እየመጣ፣ ቀን በቀን እየተጓዙ ዙላ ወረዱ፤ የመጨረሻው መርከብ በሰኔ ሄደ። ስለ ኢትዮጵያውያን ስደት ሲጻፍ ይህ ጉዞ መጀመሪያው አካባቢ ሊቆጠር ይገባዋል። ሱዛን ቤል ከባሏ ጋር ሊባኖስ ገባች፤ ዋልድማየር እዚያ በ1873 የብሩማናን ትምህርት ቤት፣ ዘመኑ ሲገፋም ቤሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ፤ በ1915 ሞተ። መድፍ ሠሪው ሐኪም ቤት ሠሪ ሆነ። ከእሱ አሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ስዊስ፣ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረው የፍራውንፌልዱ አልፍሬድ ኢልግ፣ ያመለጠውን ልጅ ምኒልክን ሊያገለግል ሸዋ ገባ፤ የሰበሰበው ዕቃና ያነሣው ፎቶግራፍ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ መሄድና ማየት ይቻላል።

መቅደላ ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። ከደሴ በተንታ በኩል ይደረሳል። ሴባስቶፖልም እዚያው አምባው ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ከጋፋት ሰዎች ሞሪትስ ሆል የሚባል የፖላንድ አይሁዳዊ ተወላጅ ነበረ፤ ሚስቱ ካታሪና የጀርመናዊው ሠዓሊ የዛንደርና የአንዲት የጎንደር ወይዘሮ ልጅ ናት። በዘመቻው ሰሞን፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ሴት ልጅ ወለዱና ስሟን በአምባው ስም ማግዳሌና አሏት። ማግዳሌና ያፋ ላይ አድጋ ኡስቲኖቭ የሚባል የሩሲያ መኳንንት አገባች። የልጅ ልጇ የፊልም ተዋናዩና ደራሲው ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ በአያቱ በኩል የኢትዮጵያ ደም እንዳለው ራሱ ይናገር ነበር። ብዙ ዘመን የኖረው በቮ ካንቶን ቡርሲን በምትባል መንደር ነው፤ በ2004 ሲሞትም እዚያው ተቀበረ። ቡርሲን ከጄኔቭ ወደ ሎዛን ሲሄዱ በስተግራ፣ ሐይቁን ቁልቁል የምታይ የወይን መንደር ናት።